በግቢያችን የሚያብበውና በጽሑፋችን የሚያብበው አበባ
ስለ መስከረም ጽሑፎች የቀረበ ሒስ

አዲስ ዓመት በመጣ ቍጥር ጋዜጦቻችን፣ መጽሔቶቻችንና የተማሪዎች የግድግዳ ጽሑፎች በአበባ ይሞላሉ። በዚህ ወራት የሚወጣ ግጥም ወይም ዝርው ጽሑፍ አበባን ሳያነሣ አያልፍም ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ይህን ዐይነት ጽሑፍ ለአጠራር እንዲመች «የመስከረም ጽሑፍ» ብለነዋል። ዓላማችንም አንዱን ወይም ሌላውን ደራሲ በስም ጠርቶ ለመንቀፍ አይደለም፤ ከዓመት ወደ ዓመት ሲወርድ የመጣውን ልማድ ራሱን ለመመርመር ነው እንጂ። ልማዱ የጋራችን ስለ ሆነ ሒሱም እኛን ራሳችንን ጭምር ይመለከታል።

የምንጠቀምበት መለኪያ አንድ ነው፤ ይኸውም «ጸሐፊው የሚያወራለትን አበባ በርግጥ ዐይቶታል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ለማመሳከሪያም የምንወስደው ማንም አንባቢ ሳይደክም ሊደርስበት የሚችለውን ነገር፣ ማለት የቤቱን ግቢና ጓሮ ነው። ጽሑፉንና ጓሮውን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው በሦስት ነገር ሳይስማሙ እናገኛቸዋለን፤ በወቅቱ ስም፣ በአበባው ስምና አበባውን በሚያበቅለው ሰው።

1. የወቅቱ ስም

በመስከረም ጽሑፍ ውስጥ በመጀመሪያ የሚያጋጥመን ቃል «ጸደይ» ነው። አደይ አበባ ሲፈካ ጸደይ ገባ ይባላል። የአገራችን የዘመን አቈጣጠር ግን ዓመቱን በአራት የሚከፍለው እንደሚከተለው ነው፤ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25። እንግዲህ በዚህ አቈጣጠር የአበባው ወቅት መፀው እንጂ ጸደይ አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን 40 ቀን ዘመነ ጽጌ ትለዋለች፤ ጽጌ በግእዝ አበባ ማለት ነው። ማኅሌተ ጽጌ የተባለው ድርሰት የሚዘመረውም በዚሁ ወራት ነው።

ከዚህ አንድ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ነገር ይከተላል። በእንቁጣጣሽ ዕለት ልጃገረዶች ይዘውት የሚዞሩት አደይ፣ በመስከረም 16 በደመራው እንጨት ላይ የሚታሰረውም አደይ በአቈጣጠሩ ገና በክረምት ውስጥ ያለ አበባ ነው። ክረምቱ ከወጣ በኋላ የመጣ ሳይሆን ክረምቱ ሳይወጣ የደረሰ ነው። ይህም የቍጥር ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ተክሉ ራሱ ይመሰክራል። አደይ በዓመት አንድ ጊዜ በቅሎ፣ አብቦና አፍርቶ የሚደርቅ ተክል ስለ ሆነ ዘሩ የሚበቅለው የሰኔና የሐምሌ ዝናብ ሲያገኘው ነው። ግንዱን ያቆመው፣ ቅጠሉን ያበዛው ክረምቱ ነው፤ መስከረም ላይ ፀሓይ ስትመለስ ደግሞ ይፈካል። ስለዚህ ክረምትን የአበባ ጠላት አድርጎ የሚስል ጽሑፍ እናትን የልጇ ባላጋራ እንደ ማድረግ ይቈጠራል።

ቃሉ ከቦታው የተዛወረው በትርጉም ምክንያት ይመስለናል። በትምህርት ቤት የአውሮፓን አራት ወቅቶች ስንማር ከበረዶው በኋላ የሚመጣው የአበባ ወቅት «ጸደይ» ተብሎ ተተርጕሞልናል። በአውሮፓ አበባ የሚያብበው በጸደይ ከሆነ፣ በእኛም አገር አበባ የሚያብብበት ጊዜ ጸደይ መሆን አለበት ወደሚለው ሐሳብ መሻገር ቀላል ነው።

በዚህ ላይ የሚሰነዘረውን መቃወሚያ እናውቀዋለን። ቃል የሚኖረው በተናጋሪው አፍ ነው፤ ሕዝብ የመስከረምን ወራት ጸደይ ማለት ከለመደ መዝገብ አገላብጦ መከራከር ምን ይጠቅማል? የሚል ነው። መቃወሚያው እውነት አለበት። እኛም ቃሉ በዐዋጅ ይከልከል አላልንም። ነገር ግን ቃሉ ብቻውን አልመጣም፤ የአውሮፓን አየር ተሸክሞ መጣ። የመስከረም ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ብርዱ እንደ ሸሸ፣ ምድር ከቅዝቃዜ እንደ ነቃች፣ ሰው ወደ ሙቀት እንደ ወጣ ይነግሩናል። በደጋው አገራችን ግን ውርጭ የሚወርደው በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ ሰማዩ ከጠራ በኋላ ነው። አደይ የሚቀድመው ብርዱን ነው እንጂ የሚከተለው አይደለም። በመስከረም የሚያልፈው ጭቃው፣ ደመናው፣ የወንዙ ሙላትና የጎተራው መጕደል ነው። ይህ ሁሉ ለጸሐፊ የሚበቃ ቁም ነገር ሳለ ያልኖርንበትን በረዶ መሸኘታችን ያሳዝናል።

ደግሞስ ጸደይን በቦታው የሚፈልግ ጸሐፊ ቢኖር አበባ ያጣ ይሆን? አያጣም። በሲዳማ፣ በጌዴኦና በሐረርጌ ቡና የሚተከለው በቤት አጠገብ፣ በጓሮ ነው፤ ባለሙያዎችም «የጓሮ ቡና» እያሉ ከጫካው ቡና ይለዩታል። ቡና ደረቁን ወራት እምቡጡን ቋጥሮ ይቈይና በበጋው መጨረሻ፣ በበልግ መግቢያ ዝናብ ሲነካው በጥቂት ቀን ውስጥ ቅርንጫፉ ሁሉ ነጭ ይሆናል፤ መዓዛውም ግቢውን ይሞላል። አበባው ከጥቂት ቀን በላይ አይቈይም፤ ፍሬው ግን ለመልቀም እስኪደርስ ከ7 እስከ 9 ወር ይፈጃል። በአዲስ አበባም ጃካራንዳ የተባለው ዛፍ ሐምራዊ አበባውን የሚያፈሰው በዚያው በበጋው መጨረሻና በበልግ ወራት ነው። ወደ ጸደይ የሚያስገባን አበባ እንግዲህ በራሳችን ጓሮና በራሳችን መንገድ ዳር አለ። የመስከረም ጽሑፍ ስሙን ወስዶ አበባውን ትቶታል።

2. የአበባው ስም

ሁለተኛው ጕድለት አበባን በደፈናው «አበባ» ብሎ ማለፍ ነው። የልዩ ስም ነገር ሲመጣም ከሁለት አይበልጥም፤ ወይ አደይ ነው፣ ወይ ጽጌረዳ ነው። ወደ አንድ የአዲስ አበባ ግቢ ብንገባ ግን ምን እናያለን?

ከበሩ አጠገብ ቡገንቪል በአጥሩ ላይ ተጋድሟል፤ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። በጣሳና በሸክላ የተተከለው ጀራኒየም ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው። ዳሊያና ኮስሞስ የሜክሲኮ ተወላጆች ናቸው። ውኃ በሚፈስበት ጥግ የሚበቅለው፣ ነጭ መለከት የሚመስል አበባ ያለው ካላ ደግሞ የተለየ ታሪክ አለው። ሊኔየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ በ1753 እ.ኤ.አ. ይህን ተክል በላቲን «ኢትዮጵያዊ» የሚል ቅጽል ሰጥቶታል፤ እስከ ዛሬም የሳይንስ ስሙ ዛንቴዴስኪያ ኤቲዮፒካ ነው። ነገር ግን የትውልድ አገሩ ደቡባዊው አፍሪካ ነው። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት ኢትዮጵያ የሚለውን ስም ለሰፊው የአፍሪካ ክፍል ይጠቀሙበት ስለ ነበር የእኛን ስም የያዘው አበባ በእኛ አገር እንግዳ ሆኖ ይኖራል። እንዲህ ያለ ነገር በግቢው ጥግ ቆሞ ሳለ የመስከረም ጽሑፍ አንድም ቃል ሳይነግረን ያልፈዋል።

በአንጻሩ ጽጌረዳ በጽሑፋችን ውስጥ ንግሥት ናት፤ ጉንጭ ሁሉ በእርስዋ ይመሰላል፤ ቀለሟም ሁልጊዜ ቀይ ነው። በአገራችን በዱርና በአጥር ዳር ራሱን ችሎ የሚበቅለው የጽጌረዳ ወገን ግን ቀጋ ነው። ሊቃውንት ሮዛ አቢሲኒካ ይሉታል። እሾሁ ብርቱ፣ አበባው ነጭ፣ ፍሬው ሲበስል ቀላ ያለና የሚበላ ነው፤ እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። ጸሐፊዎቻችን ቀይዋን ጽጌረዳ ከውጭ መጻሕፍት ሲቀበሉ ነጩን ቀጋ ለእረኞች ትተውታል። ከ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ወዲህ ደግሞ አገራችን ጽጌረዳን በብዛት አምርታ ወደ ውጭ በመላክ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ትገኛለች። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጽጌረዳ የሚጽፍ ሰው በፊቱ ሁለት እውነተኛ አበቦች አሉት፤ የእረኛው ቀጋና በላስቲክ ቤት ውስጥ ለገበያ የሚቈረጠው አበባ። ሁለቱም ብዙ የሚናገሩ ናቸው። ከጉንጭ ጋር የምትነጻጸረው ሦስተኛዋ ጽጌረዳ ግን ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እንጂ ከመሬት የበቀለች አይደለችም።

አደይም ቢሆን ስሙ ተደጋግሞ ተጠራ እንጂ በደንብ አልታየም። ሊቃውንት የሚመድቡት ቢደንስ ከሚባለው ወገን ነው፤ ትርጕሙ ባለ ሁለት ጥርስ ማለት ሲሆን ስሙ የወጣለት በወገኑ ፍሬ ጫፍ ላይ ከሚታዩት ሁለት ሹል ነገሮች ነው። በልብስ ላይ ተጣብቆ የሚያስቸግረን የሜዳ አረም የዚሁ ወገን ነው። አደይ የምንለውም አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ስም የሚጠሩ ከአንድ በላይ ዝርያዎች አሉ። ይህን ወገን በሚገባ መርምሮ ያቀረበው የአገራችን የዕፀዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ ሲሆን፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመውና አደይ የሚገኝበትን ታላቅ ቤተሰብ የያዘው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ ክፍልም የእርሱ ሥራ ነው። ከዚህ በላይ ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ፤ አንድ አበባ የሚመስለን የአደይ ራስ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው። በዙሪያው ያለው እያንዳንዱ ቢጫ ምላስ ራሱን የቻለ አበባ ነው፤ በመካከሉ የታጨቁት ፍሬ የሚሰጡት ደግሞ ሌሎች ናቸው። ስለ አንድነትና ስለ ኅብረት ለመጻፍ ምሳሌ የሚፈልግ ገጣሚ ይህን ቢያውቅ ምንኛ በተጠቀመ ነበር!

«ግጥም የዕፀዋት ትምህርት አይደለም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ግጥም የሳይንስ ስም እንዲዘረዝር አንጠይቅም። የምንጠይቀው ምሳሌው ከታየ ነገር እንዲነሣ ብቻ ነው። ቅኔ የሚቈጥር የአብነት ተማሪ ሰሙን ሳያውቅ ወርቁን አያገኝም፤ ሰሙ ካልጠነከረ ወርቁ የሚፈስስበት ቦታ የለውም። አበባውን ሳያይ ስለ አበባ የሚገጥም ሰው ያለ ሰም ወርቅ ለማፍሰስ እንደሚሞክር ነው።

3. አበባውን የሚያበቅለው እጅ

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ጕድለት በመስከረም ጽሑፍ ውስጥ ሰው አለመኖሩ ነው። አበባው ይፈካል፣ ንቡ ይዞራል፣ ነፋሱ ይነፍሳል፤ የሚቈፍር፣ የሚያርም፣ ውኃ የሚያጠጣ ግን የለም። ለአደይ ይህ በመጠኑ እውነት ነው፤ ማንም ሳይዘራው ይበቅላል። ለጓሮው ግን ፈጽሞ ሐሰት ነው።

በብዙ ቤት ጓሮውን የምትይዘው የቤቱ እመቤት ናት። እርስዋም የምትተክለው ለዐይን ብቻ አይደለም። ጤና አዳም ለቡናና ለሆድ ቍርጠት ይተከላል፤ በሶብላ ለበርበሬና ለሽሮ፣ ኮሰረት ለቅቤ ማንጠሪያ፣ ዳማ ከሴ ለምች። እነዚህ ሁሉ አበባ አላቸው። የጤና አዳም አበባ ትናንሽና አረንጓዴ ቢጫ ነው፤ የበሶብላ አበባ ከዘንጉ ላይ ተደርድሮ ይወጣል፤ ከቅመሙ ጋር የሚደርቀውም ይኸው የአበባው ዘለላ ነው። በአጥር ላይ የወጣው ዱባ ደግሞ ከአደይ የማያንስ ቢጫ አበባ፣ ያውም የእጅ መዳፍ የሚያህል ያወጣል። በመስከረም ግቢ ውስጥ ትልቁ ቢጫ አበባ የዱባ አበባ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ከዱባ አበባ ጋር የተወዳደረ ውበት በመስከረም ጽሑፍ ውስጥ አናገኝም።

ምክንያቱ ግልጥ ይመስለናል። ጠቃሚ ነገር ቆንጆ ሊሆን አይችልም የሚል ያልተነገረ ሐሳብ በአእምሯችን ገብቷል። ለወጥ የሚሆን አበባ ከሥነ ጽሑፍ ማዕረግ ዝቅ ያለ ይመስለናል። በዚህም ምክንያት የእናቶቻችንን እውቀት ከነጓሮው ከጽሑፋችን ውጭ አደረግነው። የትኛው ቅጠል ከየትኛው ጋር እንደሚተከል፣ ችግኙ በየትኛው ወር እንደሚነቀል፣ ምን ጥላ ምን ፀሓይ እንደሚወድ የሚያውቁት እነርሱ ሲሆኑ በጽሑፋችን ውስጥ የምናገኛቸው አበባ ተብለው ሲወደሱ ብቻ ነው። አትክልተኛዋን ራስዋን አበባ ብሎ ከአትክልቱ መካከል መትከል ውዳሴ ይምሰል እንጂ ሥራዋን መሰወር ነው።

የገበሬውም ነገር እንዲሁ ነው። አደይ በሜዳና በማሳ ዳር ሲታይ የበዓል ጌጥ ነው፤ በእህል መካከል ሲገኝ ግን አረም ነው። ተመልካቹ የሚደሰትበትን ቢጫ ገበሬው ከነቤተሰቡ ጐንበስ ብሎ ይነቅለዋል። ከእርሱ ጋር የሚመሳሰለው መጭም አረም ነው፤ የመጭ የቅርብ ዘመድ የሆነው ኑግ ግን ተዘርቶ ዘይት ይሰጣል። ንቡም ከእነዚህ ሁሉ ቀስሞ በጥቅምትና በኅዳር የሚቈረጠውን ማር ይሠራል። አንድ ቢጫ ሜዳ ለበዓል አክባሪው፣ ለአራሚው፣ ለዘይት ጨማቂውና ለንብ አርቢው አራት ልዩ ልዩ ነገር ነው። የመስከረም ጽሑፍ ከአራቱ የሚያውቀው አንዱን፣ ያውም በሩቅ የሚያየውን ብቻ ነው።

4. ዘፈኑ፣ ሥዕሉና ጽሑፉ

እስከዚህ የተናገርነው ነቀፋ ብቻ እንዳይመስል አበባን በተመለከተ ያሉንን ሦስት የአዲስ ዓመት ጥበቦች እናወዳድር።

አንደኛው የልጃገረዶች የአበባየሆሽ ዘፈን ነው። ይህ ዘፈን ከማንኛውም የመስከረም ግጥም ይልቅ እውነተኛ ነው እንላለን። አበባውና ለምለሙ ሣር በዘፋኞቹ እጅ ላይ ነው፤ ማልደው ወጥተው የለቀሙት ነው። አውጪዋ ስታወጣ ተቀባዮቹ የልምላሜን ቃል ይመልሳሉ፤ ቤት ለቤት መዞሩ፣ ባለቤቱን መመረቁ፣ ስጦታ መጠበቁ ሁሉ በግልጥ ይነገራል። አበባው ከሰውና ከሥራ አልተለየም።

ሁለተኛው ወንዶች ልጆች ሥለው የሚያድሉት የእንቁጣጣሽ ሥዕል ነው። ብዙ ጊዜ በኮምፓስ ክብ በክብ ላይ እየተሣለ የሚወጣ ባለ ስድስት ቅጠል አበባ ሲሆን በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ይቀባል። እንዲህ ያለ አበባ በየትም ጓሮ አይበቅልም። ታዲያ ጽሑፉን በዚህ ነቅፈን ሥዕሉን ስለ ምን እንተወዋለን? መልሱ ሥዕሉ አበባ ዐየሁ አይልም የሚል ነው። ጌጥ መሆኑን አይደብቅም፤ የመልካም ምኞት ምልክት ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ሥራውንም በዚያው ይፈጽማል።

ሦስተኛው የታተመው ጽሑፍ ነው። እርሱ እንደ ዘፈኑ አበባውን በእጁ አልያዘም፤ እንደ ሥዕሉም ጌጥ ነኝ አይልም። ሜዳ ወጥቼ ዐየሁ፣ ልቤ ተነካ ይለናል። ምስክር ነኝ ካለ ምስክርነቱ ሊመረመር ይገባል። የእኛም ሒስ ከዚህ አያልፍም።

5. ነገሩ ስለ ምን ያሳስበናል?

አንድ ሰው «የአበባ ስም ቢሳሳት ማን ይጐዳል?» ሊለን ይችላል። ጕዳት አለው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስምዋን ከእቴጌ ጣይቱ ስትቀበል በአበባ ስም የተጠራች ከተማ ናት። ከተማይቱ በሰፋች መጠን አደይ በራሱ የሚበቅልበት ክፍት መሬት ይጠብባል። ቀድሞ ልጆች ከሰፈራቸው ሜዳ ይለቅሙት የነበረው አበባ ዛሬ በብዙ ሰፈር በጳጕሜንና በመስከረም ከመንገድ ዳር በእስር የሚገዛ ሆኗል። ጓሮም ወደ ፎቅ ቤት ለሚገባ ቤተሰብ በረንዳ ላይ ወደሚቀመጥ ጣሳ ያንሳል። ከጓሮው ጋር የጓሮው ቃላት ይሄዳሉ። ፍሎራው በ2009 እ.ኤ.አ. ሲፈጸም የተክሎቹን የሳይንስ ስምና መልክ በ8 ቅጾች አስቀምጦልናል፤ እመቤቲቱ ችግኙን ለጎረቤት ስትሰጥ የምትናገረውን ቃል ግን ማስቀመጥ የሥነ ጽሑፍ ፈንታ ነው። ሥነ ጽሑፍ ይህን ትቶ ቀይ ጽጌረዳንና የሸሸ በረዶን ሲደጋግም፣ የሚጠፋውን ሳያይ ያልነበረውን ያስቀምጣል።

ስለዚህ ለሥራ ጓደኞቻችን ለተማሪዎች ሦስት ነገር እናሳስባለን። መጀመሪያ፣ የወቅቱን ስም ስንመርጥ አየሩን እንመልከት፤ መፀው የሚለውን ቃል ለዜማ መጽሐፍ ብቻ አንተወው። ሁለተኛ፣ «አበባ» ብለን ከመጻፋችን በፊት የትኛው አበባ እንደ ሆነ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ስሙን ካላወቅነው የሚያውቅ ሰው በቤታችን አለ። ሦስተኛ፣ በአበባው አጠገብ የቆመውን ሰው፣ የሚቈፍረውንና የሚያርመውን፣ ከጽሑፉ አናስወጣ። መምህራኖቻችንም የድርሰት ፈተና ሲያወጡ «ስለ መስከረም ጻፉ» ከማለት ይልቅ «በግቢያችሁ በዚህ ሳምንት ካበበው አንዱን መርጣችሁ ጻፉ» ቢሉ ልዩነቱ ቶሎ ይታይ ይመስለናል።

በመስከረም ጽሑፍ ላይ የተናገርነው ሁሉ አበባን ስለ መጥላት እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልናል። አደይ ይወደስ፤ ይገባዋልም። ነገር ግን የሚወደሰው ክረምቱ አሳድጎት፣ ገበሬው እየነቀለው፣ ንቡ እየቀሰመው፣ ልጃገረዶች እየለቀሙት የሚኖረው አደይ ይሁን። ከአጥሩ ላይ ያለው የዱባ አበባም ተራው እንዲደርሰው እናሳስባለን።